ስኬት መቀየር

ፖዝናን፣ ምድር ቤት፣ ስኬት ከነጎማው የምሸጥበት፣
መስኮቱ የአላፊ አግዳሚ ቁርጭምጭሚት ያለበት፤
ሰው በፊቱ አይደለም፣ በእግሩ ነው የማውቀው፤
ቦግና፣ አንቺንም ማነከስሽ ነው ያስተዋወቀው።

የትራም ሾፌር ነሽ። ቀን ሐዲድ ያደክምሻል፤
ማታ ደሞ ሌላ ሐዲድ ይናፍቅሻል።
ሰም የጠገበች ብረት ከድልድዩ ሥር አለች፤
ከጉልበት አታልፍም፤ ስንቱን ጉልበት በላች!

በመጋቢት መጣሽ፦ «ጎማው ነው የሚይዘኝ፣
የመሃሉ ሁለቱ ብረቷን ሲነኩ ነው የሚጥለኝ።»
እውነትሽን ነው። ትንንሽ፣ ጠጣር ጎማ ሰጠሁሽ፤
መሃሉ ሰፋ፤ ተንሸራተትሽ… ወደቅሽ።
በሚያዝያ መጣሽ፦ «ፍሬሙ ነው ከባድ።»
ቀለል ያለ ሸጥኩሽ። ይኸውልሽ፣ አንድ በአንድ
ስታጠራቅሚው የከረምሽው የእግርሽ ትዝታ
ከአሮጌው ፍሬም ጋር በብሎን ተፈታ።
ከዚያ ጫማው፣ ከዚያ የውስጡ ስፖንጅ፣
ከዚያ ያ ሰማያዊ ሶል፣ ደብቄ የማቆየው ለወዳጅ።
በየደመወዝሽ ቀን ደወሌ ሲጮህልኝ፣
«ዛሬስ ተከሳሹ ማነው?» እያለ ልቤ ሲያሾፍብኝ፣
ገንዘብሽን ቆጠርኩ። ምን ላድርግ፣ ኪራይ አለብኝ።

ሦስት ስኬት ገዛሽ፤ አንድም ስኬት የለሽ።
ይህን ልነግርሽ ስጀምር ቦርሳሽን ከፈትሽ።
ሰሙንም የሸጥኩሽ እኔ ነኝ፣ በቆርቆሮ፤
ወርቁን ግን አላውቅም የት እንዳለ ተቀብሮ።

አንድ ልጅ አለ፣ አሥራ አራት ዓመቱ፣ ሴቬሪን የሚሉት፤
የአጎቱን ልጅ ስኬት የወረሰ፣ ማሰሪያው የስልክ ሽቦ የሆነለት።
ፍሬሙ ጠማማ ነው፤ ወደ ቀኝ ይጎትታል፤
እሱም ጠባዩን አውቆ ወደ ግራ ይመታል።
ባይጣመም ኖሮ ይወድቅ ነበር ያ ልጅ፤
ጉድለቱ ጌታው ሳይሆን ሆነለት ወዳጅ።

አንቺም አየሽው ያን ማታ። በማግስቱ መጥተሽ
«ከዛሬ ጀምሮ ምንም አልቀይርም» አልሽ።
ጎሽ አልኩ። ኪሴ አኮረፈ፤ ልቤ ግን ጎሽ አለ።
ሞግዚት የበዛበት ሕፃን አይተኛም፤ እግርስ ያው አይደለ?

ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ። ስልሳ ጊዜ፣ ሰባ፣
ስትወድቂ ቆጠርኩ፣ ጨለማ እስኪገባ።
አንድ ማታ ጫማሽን ስታወልቂ አየሁት፤
ውስጡ ሌላ እግር ያስገባል፤ ተረከዝሽ ሲዋኝ የከረመበት።
ሁለት ቁጥር ይሰፋል! ለመሆኑ የሸጠልሽ ማነው?
ትልቁ ብቻ ቀርቶ «ይለመዳል» ያልኩሽ እኔው።

«ቀይሪ» አልኩሽ። «አልቀይርም።» «በነጻ!» «አልቀይርም፤
ልማር ነው የመጣሁ፣ ዕቃ ልሸምት አይደለም።»
ውሸቴን ሁሉ ገዝተሽ፣ እውነቴን በነጻ እምቢ አልሽ፤
ጥጥ ጎሰጎስሽበት፣ በዚያው ሰፊ ጫማ ወረድሽ።

ልክሽ የሆነ ጥንድ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣
ሌሊት ሄጄ ተውኩት ከብረቷ ሥር ጥዬ።
በማግስቱ ሳይ በሴቬሪን እግር ላይ ነው!
ሰጥተሽዋል። ልጁም ተንከባለለ፤ ፍሬሙ ቀጥ ያለ ነው፣
እሱ ግን ወደ ግራ ይመታል፣ የሌለውን ጠማማ ሊያቃናው።
ሦስት ሳምንት ክርኑ ተላጠ። አራተኛው ሲመጣ፣
ሲፈራት የኖረውን የደረጃ ብረት ወረዳት፣ ላቡ ሳይወጣ።

አንቺስ? ጥጥ በሞላው፣ በዚያ ሰፊ ጫማሽ፣
አንድ የመስከረም ማታ፣ ዝናብ ሊጥል ሲል፣ ብረቷ ተቀበለችሽ፤
አንድ ክንድ ያህል፣ ምናልባት ክንድም አይሞላ፤
ድምፁ ግን ትራምሽ ጥግ ሲዞር የሚያፏጨው ነው፣ ሌላ አይደል ሌላ።
ከዚያ ወደቅሽ። ሳቅሽ።

አሁን ሰው ገብቶ «ብቀይር ይሻላል ወይ?»
ሲለኝ፣ ዋጋ አልጠራም፤ «አውልቅ፣ እስቲ እግርህን ልይ።»
አንዳንዱ ይቆጣል። አንዳንዱ ካልሲው ተቀዷል፤
ያፍራል፣ ይወጣል። ገበያዬም በግማሽ ቀንሷል።
በመስኮቴ ደሞ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣
ያ ቁርጭምጭሚት ያልፋል፣ እያነከሰ፣ በሰፊ ጫማ።